ቤት በሆዱ፣ ዴይኬር በጀርባው፦ አንድ ክር ከነመልሶቹ

በኢንተርኔት መድረክ ላይ ይህን የውይይት ክር የከፈተችው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ውስጥ በቤቷ ዴይኬር (የሕፃናት ማቆያ) ያላት ሴት ናት። የሦስት ወር ወንድ ልጅ ሰኞ ሊጀምርላት ነው። አያቱ ልጃቸውን ሊያርሱ ከአዲስ አበባ መጥተው ከተወለደ ጀምሮ ያስተኙት በሆዱ ነው። እናትየውም በጀርባው ሲተኛ በየሃያ ደቂቃው እየበረገገ ስለሚነቃ ዴይኬሩ ውስጥም በሆዱ እንዲተኛ ትፈልጋለች፤ ለዚህም ለመፈረም ዝግጁ ናት። ጠያቂዋ ሁለት ነገር አነሣች። ፊርማው ያዛልቃታል ወይ? ካላዛለቃትስ አያትየውን ሳታስቀይም እንዴት ታስረዳቸው?

አምስት ስድስት መልስ አግኝቶ የሚዘጋ ጥያቄ ይመስል ነበር። አሥራ ስምንት ደረሰ፤ መሐል ላይም ጠብ ሊሆን ነበር። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

1ኛ መልስ። አሌክሳንድሪያ ያለች የሕፃናት ክፍል ነርስ በትሕትና ሰላምታ ጀምራ ፊርማውን ወዲያው ውድቅ አደረገችው። ወላጅ ስለፈረመ ኃላፊነቱ ከዴይኬሩ ትከሻ አይወርድም። ከአንድ ዓመት በታች ያለ ልጅ ከጀርባው ሌላ በሌላ አኳኋን የሚተኛው ሐኪሙ ምክንያቱን ጠቅሶ በጽሑፍ ሲያዝ ነው፤ ያ ደግሞ እምብዛም አይገጥምም። የሚያቀረሹ ልጆችን እንኳ የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ በጀርባቸው አስተኙ ነው የሚለው። ከዚያ ሦስት ቃል አስቀመጠች፦ ጠንካራ፣ ዝርግ፣ ባዶ። ጠንካራ ማለት ልጁ ሲነሣ የራሱ ቅርጽ የማይቀርበት ፍራሽ ነው። ዝርግ ማለት ከ10 ዲግሪ በላይ ያላዘነበለ። ባዶ ማለት ከተወጠረው አንሶላ በቀር ትራስ፣ ብርድ ልብስ፣ አሻንጉሊትና ባምፐር (በሕፃን አልጋ ጎን ዙሪያ የሚታሰር ትራስ መሰል ጨርቅ) የሌለበት። የክሪቡ (የሕፃን አልጋው) ዘንጎች ክፍተት ከ6 ሳንቲ ሜትር ማለፍ የለበትም፤ በፍራሹና በክሪቡ ጎን መካከልም ከሁለት ጣት በላይ ከገባ ፍራሹ ለዚያ ክሪብ አልተሠራም ማለት ነው።

2ኛ መልስ። አመስግኖ አንዲት ነገር ብቻ ጨመረ። ልጁ ጡጦ ከጠጣ በኋላ ቀጥ ተደርጎ ተይዞ በደንብ ሳያገሳ አይጋደም፤ የአያቶች ፍርሃት ግማሹ የሚመጣው ካልተገሳ ልጅ ነው።

3ኛ መልስ። ለእኔ የክሩ ዋና መልስ ይህ ነው። የጻፈው የመተንፈሻ ሕክምና ባለሙያ ነው፤ የአያቲቱን ፍርሃት በስሙ ጠራው፦ በጀርባው ከተኛ ትን ይለዋል። ፍርሃቱ ቢገባውም የሰውነት አሠራሩ ግን ተቃራኒውን እንደሚያሳይ አስረዳ። አንገት ውስጥ ሁለት ቧንቧ አለ፤ የአየሩ ከፊት፣ የምግቡ ከኋላ በአከርካሪው በኩል። ልጁ በጀርባው ሲጋደም የአየሩ ቧንቧ ከላይ፣ የምግቡ ከታች ይሆናል። ስለዚህ ያቀረሸው ወተት ወደ አየር ቧንቧው ለመግባት ሽቅብ መውጣት ይኖርበታል። በሆዱ ሲገለበጥ ግን ከላይ የሚሆነው የምግቡ ቧንቧ ነው፤ የወጣው ወተት ቁልቁል ወርዶ ልክ የአየር ቧንቧው አፍ ላይ ይጠራቀማል። ይህን ለአያትየው በቃል ከመንገር ይልቅ ሁለት ስትሮ አንዱን ባንዱ ላይ በፕላስተር አጣብቆ፣ በአሻንጉሊት አንገት ላይ ይዞ፣ አንዴ በጀርባው አንዴ በሆዱ እያገላበጡ ማሳየቱ እንደሚሻል መከረ። የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው።

ሌላም አለው። በሆዱ ሲተኛ እንቅልፉ ይበረታል የሚሉት አያት አልተሳሳቱም። በሆዱ የተኛ ሕፃን እንቅልፉ ይከብዳል፣ ለመንቃትም ይዘገያል። ክፋቱ እዚያው ላይ ነው። ፊቱ ለስላሳ ነገር ውስጥ ሲቀበር የተነፈሰውን አየር መልሶ ይስበዋል፤ ኦክስጅኑ ሲያንስ ጤነኛ ሕፃን ይነቃል፣ ይንፈራገጣል፣ ፊቱን ያዞራል። እንቅልፉ የከበደው ግን ላይነቃ ይችላል። እናትየዋን ያስቸገራት መበርገግ የልጁ ዘበኛ ነው።

4ኛ መልስ። ቁጥር የሚወድ ሰው ነው። አካዳሚው ሕፃናት በሆዳቸው እንዳይተኙ መምከር የጀመረው በ1992 ነው፤ በጀርባ የማስተኛት አገር አቀፍ ዘመቻ በ1994 ተጀመረ፣ በጎን ማስተኛትም በ2005 ከምክሩ ወጣ። በመጀመሪያዎቹ አሥር ዓመታት ሲድስ የሚባለው ድንገተኛ የሕፃናት ሞት ከግማሽ በላይ ቀነሰ። ዛሬም ግን አሜሪካ ውስጥ በየዓመቱ ወደ 3,500 የሚጠጉ ሕፃናት ከእንቅልፍ ጋር በተያያዘ በድንገት ይሞታሉ። አብዛኞቹ ስድስት ወር ያልሞላቸው ናቸው፤ ከሁለት እስከ አራት ወር ያለው ጊዜ ይብሳል። በ2000 በወጣ ጥናት ከሲድስ ሞቶች አምስት አንዱ የደረሰው ልጁ በሌላ ተንከባካቢ እጅ ሳለ ነው፤ ከእነዚህም ሲሶው ያህል በመጀመሪያው ሳምንት። ከዚህ ተነሥቶ፣ ያልለመደ ልጅ በሆዱ ሲተኛ አደጋው እስከ 18 እጥፍ ስለሚያድግ የዚህ የሦስት ወር ልጅ የመጀመሪያ ሳምንት እንዲህ ያለ ነው ብሎ ደመደመ።

5ኛ መልስ። አራተኛውን አረመ፣ ትንሽ በቁጣ። ቁጥሩ ልክ ነው፣ የተለጠፈበት ልጅ ግን ሌላ ነው። አሥራ ስምንት እጥፉ ቤቱ በጀርባው ተኝቶ የለመደ ልጅ አንድ ቀን በሆዱ ሲተኛ ነው፤ አንገቱን አንሥቶ ፊቱን ማዞር በእንቅልፉ አልተለማመደምና። የጠያቂዋ ልጅ በሆዱ የለመደ ስለሆነ ዴይኬሩ በጀርባው ማስተኛቱ ወደ ደኅናው ጎን መውሰድ ነው። የሚያሰጋው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ በጀርባው የለመደውን ልጅ ቅዳሜ አያቱ በሆዱ ቢያስተኙት ያን ጊዜ ያልለመደ ልጅ መሆን ይጀምራል። ስለዚህ ጠያቂዋ የራሷን ቤት ብቻ አስተካክላ መቀመጥ እንደማይበቃት፣ ሁለቱ ቤቶች አንድ አድርገው ካልያዙት ግማሽ ሥራ እንደሆነ ጻፈ። አራተኛው ሰውዬ ስሕተቱን ወዲያው ተቀብሏል፤ መድረኩ ላይ ይህ በዓመት አንዴም አይታይም።

6ኛ መልስ። ከዚህ በኋላ ነገሩ ወደ ሥራ ገባ። ለረጅም ጊዜ የሕፃናት ክፍል መምህራንን የምታሠለጥን ሴት የመጀመሪያውን ሳምንት እንዲህ ዘረጋችው። ቤት ውስጥ ሽግግሩ ሰኞን ሳይጠብቅ ዛሬውኑ ይጀመር፤ እናትየው በልጁ የቀን እንቅልፍ ትጀምር፣ የሌሊቱንም አትተው። ልጁ ሳይደክም፣ ዓይኑ ከበድ ሲል ይጋደም፤ ጭራሽ ደክሞ ካለቀሰ በጀርባው መተኛት ይጠላል። መጀመሪያ መቀመጫው ፍራሹን ይንካ፣ ቀጥሎ ጀርባው፣ በመጨረሻ ጭንቅላቱ፤ ጭንቅላቱ ቀድሞ ከወረደ የወደቀ መስሎት እጁን ይዘረጋና ይበረግጋል። ከዚያ መዳፍ ደረቱ ላይ ጣል አድርጎ አንድ ሁለት ደቂቃ እሹሩሩ ማለት። እጅ ከእጅጌው የሚወጣበት ስሊፕ ሳክ (በብርድ ልብስ ፋንታ የሚለበስ ከረጢት) ይልበስ። ክብደት የተጨመረበት ስሊፕ ሳክ ወይም ስዋድል (የሕፃን መጠቅለያ) ግን በፍጹም አይሆንም። ተራው ስዋድል ቢሆን መገልበጥ ሲጀምር ይቀራል፤ ያ ደግሞ ሦስትና አራት ወር ላይ ስለሚመጣ ለዚህ ልጅ አሁን መጀመሩ ትርጉም የለውም። ፓሲፋየር (ሕፃን የሚጠባው ማባበያ) ከወሰደ ይሰጠው፣ ግን ክር ወይም ክሊፕ አይኑረው፤ ተኝቶ ከጣለውም ተመልሶ አፉ ውስጥ አይደረግ። የመጀመሪያዎቹ ቀናት እንቅልፉ ይቆራረጣል፤ ለእናትየው ይህ አስቀድሞ ካልተነገራት ረቡዕ ላይ ትደውላለች።

7ኛ መልስ። ብርድ አነሣ። አያት ያለበት ቤት ብርድ ሳይነሣ አይቀርም። ጋቢ፣ ነጠላና ፎጣ ከክሪቡ ይውጡ፤ ልጁ እናንተ ከለበሳችሁት አንድ ልብስ ቢጨምር ይበቃዋል፣ ቤት ውስጥም ባርኔጣ አያስፈልገውም። ሙቀቱ የሚለካው በእጁና በእግሩ አይደለም፤ የሕፃን እጅ ብዙ ጊዜ ቀዝቃዛ ነው። ማጅራቱን ወይም ደረቱን ንኩት፤ ላብ ካለ ወይም ከጋለ ልብስ ይቀነስ።

8ኛ መልስ። እዚህ ላይ ድምፁ ተለወጠ። ሰውዬው ከአትላንታ ነው፤ ፈረንጅ ልጁን ለብቻው አስተኝቶ ለእኛ እናትነት ሊያስተምረን መጣ ባይ ነው። አገር ቤት ሁሉም ከእናቱ ጎን ተኝቶ፣ ጀርባ ላይ በአንቀልባ ታዝሎ አደገ፤ ይህ ሁሉ ሕግ የተጻፈው ክሪብና ሞኒተር ለመሸጥ ነው።

9ኛ መልስ። ሳትለሳለስ መለሰችለት። አገር ቤት መደብ ላይ፣ ቁርበትና ሰሌን ላይ የተኛን ልጅ እዚህ ውስጡ በሚሰምጥ ፍራሽ፣ በአራት ትራስና በወፍራም ኮምፎርተር መካከል ከሚተኛ ልጅ ጋር ማወዳደር ሁለት የተለያየ ነገር ማወዳደር ነው። ገጠር ሌሊት የሞተ ሕፃን አስከሬኑ አይመረመርም፤ መጋኛ መታው ተብሎ ይቀበራል፣ ወይም እናቱ ተጫነችው ተብሎ እሷ ዕድሜዋን ሙሉ ስትሸማቀቅ ትኖራለች። ስለዚህ ሁሉም አደገ የሚለው ከምን ቆጠራ እንደመጣ ጠየቀችው። ደግሞም ሞኒተር ግዙ ያለ የለም፤ አካዳሚው በቤት የሚገጠሙ የልብና የኦክስጅን መቆጣጠሪያዎችን የሲድስ መከላከያ አድርጋችሁ አትያዙ ነው የሚለው። በጀርባ ማስተኛት ሳንቲም አያስወጣም።

መልሱ ሹል ነበር። ግን ሰውዬው ያነሣው ነገር ግማሹ ሊናቅ የሚገባው አልነበረም፤ ቀጣዩ ያን ያዘ።

10ኛ መልስ። ለንደን የምትኖር አዋላጅ ነርስ ሁለቱንም አቀዘቀዘች። የአሜሪካው ምክር ልጁ ቢያንስ እስከ ስድስት ወር ከወላጆቹ ክፍል ይተኛ፣ አልጋው ግን የራሱ ይሁን ነው። እንግሊዝ አገር ግን አብሮ መተኛት ስለማይቀር ጉዳቱ እንዴት እንደሚቀነስ ጨምረው ይነግራሉ። የሕፃናትን ድንገተኛ ሞት ለመከላከል የሚሠራው የእንግሊዝ ድርጅት የላላቢ ትረስት መመሪያ አብሮ መተኛት ጨርሶ የማይሆንበትን ጊዜ ለይቶ ያስቀምጣል፦ ከወላጆቹ አንዱ ሲያጨስ፣ አልኮል ወይም የሚያስተኛ መድኃኒት ሲወስድ፣ ልጁ ከ37 ሳምንት በፊት ወይም ከ2.5 ኪሎ በታች ሆኖ ሲወለድ። ሶፋ ላይ ልጅ አቅፎ መተኛት ደግሞ ከሁሉም ይከፋል። ስለዚህ ሌሊት የምታጠባ ደካማ እናት ሶፋ ላይ ከምታንጎላጅ ትራስና ልብስ የተነሣለት አልጋ ላይ ተቀምጣ ብታጠባ ይሻላል፤ ስትነቃም ልጁን ወደ ራሱ ቦታ ትመልሰው። ይህ ሁሉ የቤት ነገር መሆኑንና ዴይኬር ውስጥ አብሮ መተኛት የሚባል እንደሌለ አስምራበታለች። አንቀልባውን በተመለከተ፦ የነቃ ሰው ያዘለው ልጅ ፊቱ የሚታይ፣ አገጩ ከደረቱ ያልተጣበቀ፣ አፍንጫው በጨርቅ ያልታፈነ ከሆነ ችግር የለበትም።

11ኛ መልስ። ከባሕረ ሰላጤው አገሮች የተጻፈ ነው። እዚያ በየቤቱ ሕፃን የሚያሳድጉ ኢትዮጵያውያን ሞግዚቶች በጀርባ ማስተኛቱን ቢያውቁም ማዳሟ በሆዱ አስተኚው ካለች አይከራከሩም። ጸሐፊዋ ከአፍ ክርክር ይልቅ ልጁ ለክትባት ሲሄድ እናቱ ራሷ ሐኪሙን እንድትጠይቅ ማድረጉ እንደሚያዋጣ ታምናለች፤ ከሞግዚት አፍ የማይሰማው ከሐኪም ይሰማል። ሁለተኛው የዚያ አገር ጣጣ ኤሲ ነው። ክፍሉን እንደ ፍሪጅ አቀዝቅዞ ልጁ ላይ ሁለት ብርድ ልብስ መቆለል የተለመደ ነው፤ ኤሲውን ከፍ አድርጎ ብርድ ልብሱን ማንሣት ይቀላል።

12ኛ መልስ። ያልታሰበ ነገር መጣ፦ ማተብ። ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀን ክርስትና ይነሣሉ፤ ስለዚህ ልጆቹ ዴይኬር የሚገቡት ክሩ አንገታቸው ላይ ታስሮ ነው። ጸሐፊዋ በተኛ ሕፃን አንገት ላይ ምንም ክር መኖር እንደሌለበት፣ ለጥርስ ማብቀያ ተብሎ የሚሸጠው የአምበር ሐብልም፣ የሙስሊም ቤተሰቦች የሚያስሩት ክታብም አንድ እንደሆነ ገለጸች። የክሪብ ጫፍ ወይም የራሱ ጣት ይይዘዋል፤ የልጅ አንገት ደግሞ ለመታነቅ ብዙ ኃይል አይፈልግም።

13ኛ መልስ። ተቆጣ። ማተብ ጌጥ አይደለም፤ ኢንስፔክተር ፈርቶ የልጅን ማተብ የሚፈታ ዴይኬር ልጁን ባያስገባ ይሻላል። ከዚህ በታች ሁለት ሰዎች ስለ ሃይማኖት ተያይዘው ሄዱ፤ አልዘረዝረውም።

14ኛ መልስ። ዲያቆን ነኝ ያለ ሰው መሐል ገብቶ ነገሩን ወደ መሬት አወረደው። ተንከባካቢዋ ራሷ አትፍታው፤ ጠዋት እናቱ በእጇ ፈትታ ትውሰደው፣ ማታ በእጇ ትሰረው። ልቧ ካልረጋ የንስሐ አባቷን ትጠይቅ። ይህም በመጀመሪያው ቀን ውል ላይ ይጻፍ እንጂ ልጁ ሲመጣ በር ላይ ድንገት አይነገር።

15ኛ መልስ። ስለ ዕቃ ነው፤ ረጅም ቢሆንም ፋይዳ አለው። ካርሲት ለመኪና ነው። ልጁ መንገድ ላይ ከተኛ ሲደርስ ይውጣና ክሪብ ውስጥ ይጋደም፤ ወለል ላይ በተቀመጠ ካርሲት ውስጥ ጭንቅላቱ ወደ ፊት ይወድቅና አገጩ የአየር ቧንቧውን ያጥፈዋል። ስዊንግና ባውንሰር የሚባሉት የሚወዛወዙ የሕፃን መቀመጫዎችም እንደዚያው። ፓክ ኤን ፕሌይ የሚባለው ተጣጣፊ የሕፃን አልጋ ይሆናል፣ ግን አብሮት ከመጣው ስስ ፍራሽ በላይ ሌላ አይጨመርበት፤ ልጁ ይደላው ተብሎ የሚጨመረው ፍራሽ ጠርዙ ላይ ክፍተት ይፈጥራል፣ ልጁ እዚያ ይሰረጎዳል። ያዘነበሉ ማስተኛዎች ተራ ነገር እንዳይመስሉ አንዱን ጠቀሰ፦ የሕፃናት ዕቃ አምራቹ ፊሸር ፕራይስ ሮክ ኤን ፕሌይ የሚባለውን በ2019 ከገበያ ሲሰበስብ ቁጥሩ 4.7 ሚሊዮን ያህል ነበር። በግንቦት 2022 የወጣው የፌዴራል ሕግ ከ10 ዲግሪ በላይ ያዘነበሉትንም ባምፐርንም ከገበያ አግዷል፤ ሜሪላንድ ባምፐር መሸጥን በ2013 ቀድማ ከልክላለች። ነገር ግን በስጦታ የሚዞረውን ሕግ አይደርስበትም፤ ከእህት ወደ እህት የሚተላለፈው አሁንም አለ።

16ኛ መልስ። የመጀመሪያዋ ነርስ ተመለሰች፤ ስለ ቁጥጥር። አንዳንድ ስቴቶች፣ ለምሳሌ ኖርዝ ካሮላይና፣ የተኛ ሕፃን በየ15 ደቂቃው በዓይን እንዲታይና እንዲመዘገብ ያዝዛሉ፤ የእናንተ ስቴት ባያዝዝም ልማዱን ያዙት። ከበር ላይ አንገት ማስገባት ማየት አይባልም። ደረቱ ከፍ ዝቅ ማለቱ፣ የከንፈሩ ቀለም፣ ፊቱ አለመሸፈኑ፣ ማጅራቱ አለመጋሉ ይታያል፤ ስለዚህ ክፍሉ ከንፈር እስኪለይ ድረስ ብርሃን ይኑረው፣ መጋረጃው ጥቁር አይሁን። ሰዓቱ በእያንዳንዱ ዙር ይጻፍ፤ ከቀኑ መጨረሻ ተቀምጦ 1፡00፣ 1፡15፣ 1፡30 ብሎ የሞላ ወረቀት በቀለሙ ያስታውቃል። ልጁ በራሱ ከጀርባው ወደ ሆዱም ከሆዱ ወደ ጀርባውም መገልበጥ ከቻለ በጀርባው ታስተኙታላችሁ፣ ከተገለበጠ ግን አትመልሱት። ካልተነፈሰ 911 በስፒከር ላይ ይደወልና ሲፒአር (ልብና ትንፋሽ የማስመለስ የመጀመሪያ እርዳታ) ይጀመር፦ 30 ጊዜ የደረት መጫን፣ 2 ትንፋሽ፤ ጥልቀቱ 4 ሳንቲ ሜትር ያህል፣ ፍጥነቱ በደቂቃ ከ100 እስከ 120። ጭንቅላቱ እንዳይጠፈጥፍ የሚሰጉ ደግሞ ልጁ ነቅቶ ሳለ በሆዱ ያጫውቱት፤ ሰባት ሳምንት ሲሞላው በቀን በድምሩ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ መድረስ አለበት። አያትየው ስለ ሆድ ያላቸው ፍቅር እዚህ ሥራ ላይ ይዋል፤ ልጁን ምንጣፍ ላይ በሆዱ አድርገው ፊት ለፊቱ ተቀምጠው ያጫውቱት።

17ኛ መልስ። ጠያቂዋ ናት። ፊርማውን ትታዋለች። አንድ ገጽ በአማርኛ ልታዘጋጅ ነው፦ ልጁ ቤት የሚተኛው እንዴት ነው፣ የት፣ ከማን ጋር፤ ሁለታችንም ቤት በጀርባው፤ ማተብ ጠዋት ከእናቱ ጋር፤ ብርድ ልብስ አይላክ፣ ስሊፕ ሳክ ሁለት ይላክ። ስትሮውን ለአያትየው እሑድ ልታሳያቸው ቡና ጠርታቸዋለች። እንግዲህ ቡናው ሲፈላ ከሰሉ ልጁ ካለበት ክፍል ይውጣ የሚል አንድ ሰው ከታች መጣ፤ የተዘጋ ቤት ውስጥ የሚነድ ከሰል ጉዳቱ የሚታየው ጭስ ብቻ ስላልሆነ ምክሩ ከርዕስ አልወጣም። ጠያቂዋ በመጨረሻ አንድ ነገር ጠየቀች፦ ቤቷ ያለው ሁለተኛው ክሪብ አንዱ ጎኑ ወደ ታች ይንሸራተታል፣ ከሥሩ 2009 የሚል ጽሑፍ አለው፤ ጎኑን በብሎን አጥብቃ ልትጠቀምበት ትችላለች?

18ኛ መልስ። አትችልም። እንዲህ ያለ ክሪብ መሸጥ ከሰኔ 2011፣ ዴይኬር ውስጥ መጠቀም ደግሞ ከታኅሣሥ 2012 ጀምሮ ተከልክሏል፤ በቤት የሚሠራ ዴይኬርም ከዚህ አይወጣም። መንገድ ዳር ስታወጣው ግን እንዳለ አታቁመው፤ ፈትታ፣ ዘንጎቹን ሰብራ፣ ብሎኖቹን ለየብቻ ትጣል፤ ካልሆነ ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰው ጭኖት ይሄዳል።